ሽሮዬ ያረረ ቀን

ሽሮዬ ያረረው ሰው ሳይ ነው።

ሽሮውን ጣድኩና እስኪንተከተክ ብዬ በረንዳ ወጣሁ። ከታች ባጃጅ ቆሟል። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ልጅ ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ሒሳብ ከፈለች። ሾፌሩ ፌስታሏን አንስቶ እስከ ደረጃው ድረስ ተሸከመላት። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ሆዷን መለካት ጀመርኩ። ስድስት ወር ይሆናታል? ሰባት? ቀለበት አድርጋለች? ሾፌሩስ ምን ቤት ነው ዕቃ የሚሸከምላት? ይህን ሁሉ ራሴ ጠይቄ፣ ራሴ መልሼ፣ ፍርዱን ልሰጥ ስል ሽታው አፍንጫዬ ደረሰ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተረት በሰው ላይ ስንት ጊዜ እንደተረትኩት አላውቅም። በገዛ ድስቴ ሲደርስብኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ድስቱን ሁለት ቀን ዘፈዘፍኩት። ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ «መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው» አልኩት። ቀኑ ዓርብ ነው። እየጾምኩ ነው የዋሸሁት።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። አዲስ አበባ የምታልቅበት ደቡባዊ ጫፍ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት አንዷ ነኝ። ዕጣው ሲወጣልኝ ጸጉሬ ሽበት ጀምሮ ነበር። 20 በመቶውን ከፍዬ፣ 80 በመቶውን ከባንክ ተበድሬ ገባሁ። የጠበቀን ሊፍት የሌለው ሕንፃ፣ ውኃ የማይወጣው ቧንቧ፣ ክረምት ላይ ጫማ የሚነቅል ጥቁር ጭቃ ነው። ውኃው ዛሬም በፈረቃ ነው። በፈረቃው ቀንም ቢሆን አራተኛ ፎቅ ድረስ የመውጣት ጉልበት የለውም። ከታች ካለው ሮቶ በጀሪካን እየቀዳሁ አወጣለሁ።

ጎረቤቱ የመጣው ከየአቅጣጫው ነው። ከካዛንቺስ፣ ከመርካቶ፣ ከጉለሌ። ድሮ ሰፈር ሰው የሚተዋወቀው ከአያት ጀምሮ ነው። የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት የልጅ ልጅ ይባላል። እዚህ ማንም የማንንም አያት አያውቅም። ታዲያ ሰውን በምን ታውቁታላችሁ? በዓይናችሁ ነዋ። ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ከማን ጋር እንደሚወርድ፣ እሮብ ዕለት ከማድቤቱ ምን እንደሚሸት። እኛ ሰፈር ፍርድ የመተዋወቂያ መንገድ ሆነ ብል ብዙም ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በረንዳዬ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከኔ በላይ ያለው ጣሪያው ብቻ ነው። በአሮጌ የቀለም ባልዲ ጤና አዳም ተክያለሁ። አንድ ዱካ አለኝ። ከዚያች ዱካ ላይ ሆኜ ብዙ ሰው ላይ ፈርጃለሁ። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ቅዳሴ የሚባል አያውቁም። አንደኛ ፎቅ ያለው ቤተሰብ ጴንጤ ነው፤ እሑድ ጠዋት መዝሙሩን ለሰፈሩ ሁሉ ይለቀዋል (እርግጥ እነሱም የኛን ደብር ድምፅ ማጉያ ሌሊት ሌሊት ስለሚሰሙ ሒሳቡ እኩል ነው)። የሁለተኛ ፎቋ ልጅ ባል የላትም፤ አንዳንድ ቀን ስትገባ ይነጋል፤ አሁን ደግሞ ሆዷ ገፍቷል። መዝገቤ ሙሉ ነበር።

ልጅቱ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ወለደች። ወደ ቤት ሲያመጧት እልልታው እስከኔ ድረስ ተሰማ። እናቷ ከገጠር መጥተውላታል። እልልታውን ቆጠርኩ። ሴት ናት አልኩ። ቆጥሬ ስጨርስ በሬን ዘጋሁ።

ወጉ እንዲህ አልነበረም። አራስ ይጠየቃል። ገንፎ ይበላል። ገንፎው መሃሉ ተሰርጉዶ ቅቤና በርበሬ ይሞላል፤ ሴቶቹ ከብበው ከዳር ከዳር እየቆረሱ ይጫወታሉ። የብሎካችን ሴቶች ሁሉ ወረዱ። የአንደኛ ፎቋ ጴንጤ እናት ሳይቀሩ አጥሚት አስይዘው ገቡ። እኔ ወገቤን አመመኝ ብዬ ቀረሁ።

ወገቤን አላመመኝም። ያመመኝ ሰላምታው ነው። አራስ ዘንድ ስትገቡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የሚባለው። ሌላ አማራጭ የለውም። ቋንቋችን ነገሩን አስቀድሞ ጨርሶታል። አባትየው ማን ነው አይልም። ቀለበቱስ አይልም። ማርያም ማረቻት፣ አለቀ። ማርያም በማረቻት ልጅ ላይ እኔ አራተኛ ፎቅ ተቀምጬ ይግባኝ እያልኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጾመ ነነዌ ገባ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ እሮብ። አጭር ስለሆነ ጾም የሚከብደው ሰው እንኳ ይጾመዋል። መጽሐፈ ዮናስም አራት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ ማንበብ የሚከብደው ሰው ያነበዋል። እኔም አነበብኩት። እስከዚያ ድረስ ዮናስ ማለት ለኔ ዓሣ አንበሪው ነበር። ከሆዱ ከወጣ በኋላ ያለውን ልብ ብዬው አላውቅም።

አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ነነዌ ንስሐ ገብታለች። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀምጧል። እግዚአብሔርም ሊያመጣ ያሰበውን ጥፋት ትቷል። ስብከቱ እንዲህ የሠመረለት ነቢይ ደስ ሊለው አይገባም? ዮናስ ግን ተቆጣ። ድሮም መሐሪ እንደሆንክ አውቄ ነው የሸሸሁት አለ። እግዚአብሔርን የከሰሰው በምሕረቱ ነው። ከዚያ ከከተማዋ ወጣ። በምሥራቅ በኩል ዳስ ሠርቶ ጥላው ሥር ተቀመጠ። ከተማዋ ምን እንደምትሆን እስኪያይ።

ከተማ ዳር፣ ጥላ ሥር፣ የሰው መጨረሻ እየጠበቀ። ቀና ብዬ ዱካዬን አየኋት። ጤና አዳሜንም አየሁት።

የባሰው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በመጽሐፉ ሁሉ ዮናስ ደስ አለው የሚባለው አንድ ጊዜ ነው። በቅል። ቅል በቀለችለት፣ ጥላ ሆነችለት፣ እጅግ ደስ አለው። ከ120,000 በላይ ሰው ከጥፋት ሲተርፍ ያላገኘውን ደስታ በአንዲት ቅል አገኘው። ማግሥቱን ትል ቅሏን መታትና ሞቱን ተመኘ። እኔም እኮ ደስታ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ባልታሰበ ቀን ቧንቧዬ ውኃ ሲተፋ ብቻዬን እልል የምል ሴት ነኝ። ከሥሬ ሁለት ፎቅ ወረድ ብሎ አንዲት ነፍስ ስትወለድ ነው በሬን የዘጋሁት።

ዐቢይ ጾም እንደገባ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ኃጢአቴን መናገር ጀመርኩ። ሰፈሩ ያናድደኛል አልኩ። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ እንዲህ ናቸው፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት እንዲህ ናቸው፣ ሁለተኛ ፎቅ ደግሞ አንዲት ልጅ አለች… አባ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ የእነሱን ንስሐ ሰማሁ» አሉኝ። «ያንቺን ደግሞ እነሱ ሲመጡ ይነግሩኛል ማለት ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ የሙሴ ጸሊምን ታሪክ አነሡልኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው፣ ሽፍታ የነበረው፣ በኋላ በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ የመነኰሰው። አንድ ወንድም አጠፋና መነኰሳቱ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴን ጠሩት። አልመጣም አለ። ደግመው ሲልኩበት ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው አዝሎ መጣ። አሸዋው ከኋላው ይፈሳል። ይህ ምንድን ነው ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ያን ወንድም ማሩት።

ታሪኩን ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ችግሩ፣ ስሰማው ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የተነገረ ነው የሚመስለኝ። ያን ቀንም «ይህን የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ በሰሙት» ስል ራሴን ያዝኩት።

ቀኖናዬ ስግደት ይሆናል ብዬ ጉልበቴን አዘጋጅቼ ነበር። አባ ግን ከሮሜ መልእክት አንዲት ቃል ሰጡኝ። «ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ፥ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ።» ሁለተኛውን ተዪው አሉኝ። እሱን ዕድሩ ያሠራሻል። የመጀመሪያውን በቀን አንድ ጊዜ ሥሪው።

ቀላል መሰለኝ። ሞክሩት እስቲ።

ማልቀሱን እንችልበታለን። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ የማናውቀው ሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ደረታችንን እንመታለን። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ሟቹ እሮብን ይጾም ነበር?» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ሐዘን ላይ ሁላችንም ጨዋ ነን። ደስታ ላይ ነው ምርመራ የምንጀምረው። የማዶው ብሎክ ሰውዬ መኪና ገዙ፤ እንኳን ደስ አለዎት ብዬ ስመለስ ደረጃው ላይ «ከየት አምጥተው ነው?» አልኩ። የዘመዴ ልጅ ሊያገባ ነው ተባለ፤ እሰይ ካልኩ በኋላ «ከማን ወገን ናት?» አልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀኖናዬን አንድም ቀን በትክክል አልፈጸምኩም።

አንድ ቅዳሜ ግን ታክሲ ውስጥ ሆነ። ከኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት አለ። በታክሲያችን ምሳ ዕቃ ታቅፎ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። የዚያን ቀን አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስልካቸው ጮኸ። አነሡት። አዳመጡ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ጭናቸው ላይ ጥለው «ሊፈታ ነው! ልጄ ሊፈታ ነው!» ብለው ጮኹ። ታክሲው በሙሉ እልል አለ። ረዳቱ ሒሳባቸውን መለሰላቸው። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ምን አድርጎ ነው የታሰረው ያለ ሰው የለም። ከኔ በቀር። እኔ በሆዴ ጠይቄያለሁ። አፌ ግን ከሕዝቡ ጋር እልል እያለ ነበር። ለዚያ ቀን በአፌ ይቆጠርልኝ ብዬ አለፍኩ። ጳውሎስም «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። የእስር ቤት መንገድ ላይ ደስታ መማር አዲስ አይደለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን መሸፋፈን አልፈልግም። «አትፍረዱ» ማለት አፍሽን ዝጊ ማለት ከሆነ እኔ የለሁበትም። ብሎካችን ለውኃ ፓምፕ ብር አዋጥቶ ነበር። ወራት አለፉ፤ ፓምፑም የለ፣ ብሩም የለ። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ደረሰኝ ይምጣ ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ። ኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ላይ እኮ «ለድሀ አደጉ ፍረዱለት» ተብሏል። ዳዊትም «አቤቱ፥ ፍረድልኝ» ይላል። ታዲያ ፍረዱ ነው ወይስ አትፍረዱ?

ይህ ሲያወዛግበኝ ቆይቶ የፈታሁት በአማርኛችን ነው። እኛ «ፈረደ» ላይ ሁለት ፊደል እንቀጥላለን። ፈረደበት። ፈረደለት። ግሡ ያው፣ ዳኛውም ያው። በ«በ» ከሄደ ሰውየው ይወድቃል፣ በ«ለ» ከሄደ ይነሣል። ስለ ፓምፑ ስጮህ ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ ለሚወጡት ነው፤ ራሴንም ጨምሮ። በረንዳ ላይ ስቀመጥ ግን ለማን ነበር? ማን ተጠቀመ? እኔ እንኳ አልተጠቀምኩም፤ ሽሮዬ አረረ እንጂ።

እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ «ለካ» ትመጣለች። ለካ ልጅቱ ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ ሆና ነው። ለካ ባሏ ስደት ላይ ነው። ለካ ሾፌሩ ወንድሟ ነው። ጸሐፊዋ ታለቅሳለች፣ አንባቢም ዓይኑን ይጠርጋል። እኔ ጋ እንደዚህ ያለች ለካ የለችም። አባትየው ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አምሽታ የት እንደምትቆይም አላውቅም። ደግሞስ ንጹሕ ሆና ስለተገኘች ፍርዴን ባነሣ፣ መረጃ ተሳስቶብኝ ነበር ማለት ነው እንጂ ምሕረት ገባኝ ማለት አይደለም። ዮናስ ስለ ነነዌ ክፋት አልተሳሳተም። ነነዌ ንጹሕ አልነበረችም።

ፋሲካ ደረሰ። 55ቱን ቀን ጾመን ፈታን። ከዚያ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ሃምሳ ነው። ሃምሳውን ቀን እሮብም ዓርብም አይጾምም። ስግደትም የለም። ልጅ ሳለሁ የድካማችን ካሣ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ቤተ ክርስቲያን ጾምን በቀን ቆጥራ እንዳዘዘች ሁሉ ደስታንም በቀን ቆጥራ ነው ያዘዘችው። ርቦሽም ቢሆን ጹሚ። ከፍቶሽም ቢሆን ደስ ይበልሽ። ስሜትሽ እስኪመጣ የሚጠብቅሽ የለም።

ለኔ ለዳኛዋ ደግሞ የሥራ ማጣት ወራት ነው። እሮብ ዕለት ከማን ቤት ጥብስ ይሸታል ብሎ ማሽተት ትርጉም የለውም። ከሁሉም ቤት ይሸታል። ሥራ ፈትቼ ሮሜ 14ን ከፈትኩ። ጳውሎስ የሚበላና የማይበላ ሲናቁና ሲፈራረዱ አይቶ ነው የሚጽፈው። «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ?» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ የእግዚአብሔር መንግሥት ጽድቅና ሰላም፣ በመንፈስ ቅዱስም የሆነ ደስታ ናት እንጂ መብልና መጠጥ አይደለችም ይላል። የሰው ድስት ስናሸት ያመለጠንን ነገር ስሙን ጠርቶ ነው የነገረን።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። የሕፃኗ 80ኛ ቀን ዳግም ትንሣኤ ላይ ዋለ። ሌሊት በደረጃው እየተንሾካሾኩ ሲወጡ ሰማኋቸው። ረፋዱ ላይ ተመለሱ። እልልታው ደረጃውን ሞላው። ቆይቶ ሙዚቃ ተከፈተ።

እኔ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ንጹሑን ዕቃ። በልቤ የሉቃስ 15 ታላቅ ወንድም መጣብኝ። ያ ከእርሻ ሲመለስ «የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ ሰማ» የተባለለት። ምንም ያጠፋው ነገር የለም እኮ። ንብረት አልበተነም፣ አልጠፋም፣ አልዘፈነም። ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ እንጂ። በመጨረሻ ይግባ አይግባ መጽሐፉ አይነግረንም። የዮናስም መጨረሻ እንዲሁ ነው፤ እግዚአብሔር ይጠይቃል፣ መልስ የለም።

ልቤ በፍቅር ተሞልቶ ወረድኩ ብል ውሸት ነው። ያፈርኩት ማፈር ይበልጥ ነበር። 80 ቀን ያልጠየቅኳትን አራስ ድግሷ ሲደርስ ልበላ መውረዴ ነው። ግን አባ «ደስ ሲልሽ» አላሉኝም። ነጠላዬን አጣፋሁ፣ አንድ ኪሎ ቡና ያዝኩ፣ ወረድኩ።

በሩ ክፍት ነው። ደፉ ላይ ቆምኩ። የልጅቱ እናት አዩኝ። «ግቢ እንጂ ልጄ፣ በር ላይ ምን ይገትርሻል?» አሉኝ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ወይም ያውቃሉ።

ልጅቱ ሕፃኗን ታቅፋለች። አንገቷ ላይ አዲስ ማዕተብ ታስሮላታል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት። አፌ ደረቀ። እንዲህ ዘግይቶ የሚባል ነገር አይደለም። ትንሽ ዝም ብላ አየችኝ። «ማርያም ታኑርዎት፣ እትዬ» አለች። ከዚያ ሕፃኗን እጄ ላይ አስቀምጣ ዳቦው ሊቆረስ ነው ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ዶሮው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። የአንደኛ ፎቋ እናት ለስላሳቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀምጠዋል። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ወሬ ይዘዋል። «ይሄን ደረጃ በውኃ የምታበሰብሰው ማን ናት? ባለፈው ተንሸራትቼ ነበር እኮ!» አሉ። «ከላይ ነው የሚመጣው» አለች አንዷ። «ጀሪካን የሚያንጠባጥብ አለ። ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ።»

እዚህ ላይ አንድ ለካ አለች። ለካ የኔም መዝገብ ተይዟል። ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር። የጀሪካኔ ክዳን ከተሰነጠቀ ቆይቷል። እኔ ሽቅብ እያየሁ ነው የምወጣው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ሳቁ። አሳሳቃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሕፃን የሚቀሰቅስ ሳቅ አላቸው። ሕፃኗ እጄ ላይ ነቅታ ለቅሶዋን አቀለጠችው። ሁሉም አንድ ላይ «እሽሩሩ» አለ። አያትየው ከጓዳ ፌስታል ይዘው መጡ። «ስሚኝ ልጄ፣ እንዲህ ሁለት እጥፍ አድርገሽ ከክዳኑ ሥር ብትወትፊው ይይዝልሻል» ብለው በጠላው ጀሪካን አሳዩኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እንዳሉኝ አደረግኩ። አሁንም ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥባል።